የስሜኗን ግጭ ከሲያትል ማየት

ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ዕለት ከሲያትል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ አንድ ግዙፍ ነጭ ተራራ ይገለጣል። ከባሕር ወለል በላይ 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው የሬይኒየር ተራራ ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደ ለበሰ ይኖራል፤ የከተማዋ ሰውም «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» ተባብሎ መነጋገር ልማዱ ነው። በዚያው ተራራ ስም የሚጠራው ረጅም ጎዳና ግራና ቀኝ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች፣ ዝቅ ብሎም የማኅበረሰቡ ማዕከል ይገኛሉ። ከስሜን የመጣ ሰው ግን ይህን ተራራ ሲያይ አንድ ነገር ግር ሊለው ይችላል። የሀገሩ ራስ ዳሽን ሬይኒየርን ከመቶ ሜትር በላይ ይበልጠዋል። የበረዶ ግግር ግን የለውም። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ገብስ ይታጨዳል፣ ከብት ይሰማራል፣ ልጅ ይታደጋል። ሬይኒየር ላይ በ3,500 ሜትር ከፍታ የሚገኝ ሰው ቢኖር በገመድ የሚወጣ ተራራ ወጪ ነው። ስሜን ላይ በዚያ ከፍታ አካባቢ መንደር ነበረች፤ ስሟም ግጭ ይባላል።

ግጭንና ሲያትልን የሚያገናኛቸው የተራራ ንጽጽር ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ፣ በስዊድናዊው ሐኪምና የስታቲስቲክስ መምህር በሐንስ ሮስሊንግ ስም በተሰየመው ሕንፃ ውስጥ፣ የጤና መለኪያና ግምገማ ተቋም የተባለ የምርምር ማዕከል አለ። ማዕከሉ በ2007 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው መቀመጫው እዚያው ሲያትል በሆነው በጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ነው። ተመራማሪዎቹ በ2018 በአፍሪካ ያለውን የሕፃናት መቀንጨር፣ በ2019 ደግሞ በታዳጊ አገሮች ያለውን የሕፃናት ሞት የሚያሳዩ ካርታዎችን «ኔቸር» በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት አሳተሙ። የካርታዎቹ አዲስነት በዝርዝራቸው ነበር። ቀድሞ ኢትዮጵያ በጠቅላላ በአንድ ቀለም፣ ቢበዛ ክልል በክልል ትቀባ ነበር። እነርሱ ግን አገሩን አምስት ኪሎ ሜትር በአምስት ኪሎ ሜትር በሆኑ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ የራሱን ቀለም ሰጡት።

ከእነዚያ አራት ማዕዘኖች አንዱ በግጭ ላይ ያርፋል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ወይም ሲያትል ላይ በኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ካርታውን አጉልቶ ቢያየው ክፍት ቦታ አያገኝም፤ ቀለም ያገኛል። ቀለም ደግሞ ያሳምናል። ሰው የለካው፣ ቤት ለቤት ተዞሮ የተጠየቀ ነገር ይመስላል። ሩቅ የተባለች መንደር ሩቅ የምትሆነው ግን መንገድ ስላልደረሰላት ብቻ አይደለም፤ ስለ እርሷ የሚታወቅ የመሰለው ነገር ከሌላ ቦታ የተዋሰ ሲሆን ነው። በስሜን የሆነው ይኸው ነው። ጥፋቱም በዋናነት የሲያትል አይደለም።

በቅድሚያ ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስሜን ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ በፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ የተገነባ፣ ኋላም በእሳተ ገሞራ የተቆለለ አምባ ነው። ዝናብና ወንዝ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሰሜናዊውን ጎኑን በልተው፣ በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል አበጁ። እሜት ጎጎ በተባለው 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ያሉት የቆላ መንደሮች የተበተነ ጥራጥሬ ይመስሉታል። ራስ ዳሽንና ቧሒት ላይ በበረዶ ዘመን የነበሩ ግግሮች ጠርበው የተዉት ዱካ ዛሬም ይነበባል፤ ስሜንም በአንድ ወቅት ሬይኒየርን ይመስል ነበር ማለት ነው። (ስለ ራስ ዳሽን ከተነሣ፣ በትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት 4,620 ሜትር እየተባለ የተሸመደደው ቁመቱ በዘመናዊ መለኪያ 4,550 ሜትር አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ተራራው አላጠረም፤ ልኬቱ ነው የተስተካከለው።)

የሀገሬው ሰው ይህን ምድር የሚከፋፍለው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በከፍታ ነው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ይለዋል። ክፍፍሉ ሳይንስ ነው፤ የሚዘራውን እህል፣ የሚረባውን ከብት፣ የሚመጣውን በሽታ ሁሉ ይናገራል። ቆላው ላይ ማሽላና ወባ፣ ደጋው ላይ ገብስና ብርድ አለ። ግጭ ከእነዚህ የመጨረሻው፣ የውርጩ ጠርዝ ላይ ነበረች። ከእርሷ በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራል፤ ያ ለዓመታት ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ረጅም ተክል። በታች በኩል የአስታ ዛፍ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ይነጫል፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል፣ ዋልያ በገደሉ ላይ ይንጠላጠላል። የመንደሯ ነዋሪዎች በአመዛኙ ክርስቲያን በሆነው አካባቢ የሚኖሩ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገብስ እያረሱ፣ በግና ከብት እያረቡ፣ ደባርቅ ገበያ እየወረዱ ኖረዋል።

አፈሩ ጥቁርና ሀብታም ነው፤ ችግሩ ቁልቁለቱ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ ስሜን ተቀምጦ በግጭ ዙሪያና በጅንባር ሸለቆ ያደረገው ጥናት፣ የታረሰው መሬት አፈር ከሚፈጠርበት ፍጥነት እጅግ በላቀ ፍጥነት እየታጠበ መሆኑን አሳየ። የኢትዮጵያን የአፈር መሸርሸር በተመለከተ ኋላ የተካሄደው ሰፊ ምርምር አንዱ መነሻ እዚህ ነው። ሁርኒ ይህን ያወቀው ከሰማይ አይቶ አይደለም። እዚያው ተቀምጦ፣ ክረምት ከበጋ ለክቶ ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ። በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን ማብቂያ በደርግ መንግሥት ትእዛዝ ከገደሉ ሥር የነበሩ የቆላ መንደሮች በኃይል ተነሡ። ዩኔስኮ በ1996 ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው ከጠቀሳቸው ችግሮች መካከል የሰውና የከብት ብዛት ነበረበት። ከሃያ ዓመታት ክርክርና ድርድር በኋላ፣ በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ተዛወሩ፤ ፓርኩም በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በይፋ የተነገረው ዝውውሩ በፈቃድ እንደ ነበር ነው። በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ገብስ ሲያርስ የኖረ አባወራ ካሳውን ተቀብሎ የከተማ ዳርቻ ነዋሪ መሆኑ ፈቃድ ይባል ወይስ ሌላ ምርጫ ማጣት የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስበው ግን ቁጥሩ ነው።

የይፋ ሰነዶች የተዛወሩት 418 አባወራዎች፣ 2,508 ሰዎች ናቸው ይላሉ። እስከ መጨረሻው አኃዝ የተጻፈ ቁጥር በመሆኑ አንባቢው እያንዳንዱ ነፍስ የተቆጠረ ይመስለዋል። 2,508 ለ418 ቢካፈል ግን በትክክል ስድስት ይወጣል። ስድስት ነጥብ አንድ አይደለም፣ አምስት ነጥብ ዘጠኝም አይደለም። የአንዱ ቤት ሰው ሦስት፣ የሌላው ዘጠኝ በሚሆንበት አገር፣ የ418 ቤቶች ሰው በእውነት ተቆጥሮ ያለ ቀሪ ለስድስት መካፈሉ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው፤ ይበልጥ የሚያስኬደው ግምት ግን ቤቶቹ ተቆጥረው ሰዎቹ በአማካይ ቁጥር ተባዝተው መገኘታቸው ነው። እንዲያ ከሆነ፣ መንደሯ ከምድር ስትነሣ እንኳ ሰዎቿ በማባዛት ተገኙ እንጂ አልተቆጠሩም። የፓርኩ ጠባቂዎች በሌላ በኩል ዋልያን በየጊዜው ገደል ለገደል ዞረው፣ ወንዱን ከሴቷ፣ ግልገሉን ከትልቁ ለይተው ይቆጥራሉ። መቁጠራቸው ይመሰገናል። ለሰው ሲሆን ነው ማባዛት የሚበቃው።

አሁን ወደ ሲያትሉ ካርታ እንመለስ። አምስት በአምስት ኪሎ ሜትር የሆነውን አራት ማዕዘን በቀለም የሚሞላው ዘዴ ሥሩ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ዳኒ ክሪግ የተባለ የማዕድን መሐንዲስ በ1951፣ ወርቅ ፍለጋ ከተቆፈሩ ጥቂት ጉድጓዶች ተነሥቶ ባልተቆፈረው መሬት ሥር ምን ያህል ወርቅ እንዳለ የሚገምትበትን ስሌት አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚቀራረቡ ቦታዎች ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ያልተለካው ቦታ ከተለኩት ጎረቤቶቹ ይገመታል፣ ቅርቡ ጎረቤት ደግሞ ከሩቁ ይልቅ ይሰማል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ማቴሮን ዘዴውን በሒሳብ አጎልምሶ በክሪግ ስም ጠራው። የዛሬዎቹ የጤና ካርታዎች የዚያ ዘዴ የልጅ ልጆች ናቸው። በጎረቤት መመሳሰል ላይ ዝናብን፣ ከፍታን፣ የሌሊት መብራትን፣ ወደ ከተማ የሚወስደውን የጉዞ ሰዓትና የመሳሰለውን ከሳተላይት እየወሰዱ ይጨምራሉ።

ጉድጓዶቹ ስንት ናቸው? ለኢትዮጵያ ዋነኛ የመረጃ ምንጭ የሆነው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ በ2016 ሲካሄድ፣ በአገሪቱ ከነበሩት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች የተመረጡት 645 ነበሩ፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከእነርሱም የገጠሩ 443 ናቸው። ለአገርና ለክልል አማካይ ይህ በቂ ነው፤ የናሙና ስታቲስቲክስም የሚፈቅደው አሠራር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ስለ አንድ መንደር መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ የተጠያቂዎቹ ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል፣ ዳሰሳው መረጃውን ለተመራማሪዎች ሲሰጥ የእያንዳንዱን የገጠር ቦታ መገኛ ሆን ብሎ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ከመቶ አንዱን ደግሞ እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ያንሸራትተዋል። ዓላማው ቅን ነው። በጎጃም ሜዳ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ቢንሸራተት እህሉም አየሩም ያው ነው። ስሜን ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ማለት ግን ከውርጭ ተነሥቶ ቆላ መውደቅ ሊሆን ይችላል። የገብሱ ሰው መረጃ በማሽላው ሰው ላይ፣ የብርዱም በወባው ላይ ያርፋል።

አራት ማዕዘኑ ራሱም ሌላ ችግር አለበት። ከእሜት ጎጎ ጫፍ እስከ ገደሉ ሥር ያለውን መሬት በአንድ ላይ ከያዘ፣ የኮምፒውተሩ ስሌት የሚያየው የሁለቱን አማካይ ከፍታ ነው። በዚያ አማካይ ከፍታ ላይ የሚገኘው ደግሞ ቀጥ ያለው የገደሉ ግድግዳ ነው፤ እዚያ የሚኖረው ዋልያ ብቻ ነው። ክሪግ ወርቅ የፈለገበት መሬት ገደል ቢኖረው ኖሮ እርሱም ዘዴውን በጥርጣሬ ይጠቀም ነበር።

የካርታዎቹ አዘጋጆች ይህን አይደብቁም። ለእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ከመካከለኛው ግምት ጋር ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት አብረው ያትማሉ፤ መረጃ በሳሳበት ቦታ በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት ትልቅ መሆኑን በግልጽ ያሳያሉ። ይህ ሐቀኛ ሳይንስ ነው። ከዚያም በላይ ካርታዎቹ ቁም ነገር ሠርተዋል፤ የአገር አማካይ ብቻ በሚነገርበት ዘመን የስሜን ሕፃን ከአዲስ አበባ ሕፃን ጀርባ ተደብቆ ይኖር ነበር። ስሕተቱ የሚጀምረው ካርታው ከመጽሔቱ ወጥቶ ስብሰባ ውስጥ ሲገባ ነው። የጥርጣሬው ወሰን መንገድ ላይ ይቀርና ቀለሙ ብቻውን ግድግዳ ላይ ይታያል። ባለሥልጣኑም፣ ረጂውም፣ ጋዜጠኛውም ቀለሙን ያያል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው፤ ወተቷ ግን ጃናሞራ አይደርስም።

ይህ የሰነፍ ጉንጭ አልፋ ክርክር እንዳይመስል አንድ ጉዳይ ማንሣት ይበቃል። በ2023 መገባደጃ ከግጭ በስተምሥራቅ ባሉት የጃናሞራና የበየዳ ወረዳዎች ድርቅ በረታ። የርዳታ እህል የሚመደበው በሰው ብዛት ነው። የክትባት ጠርሙስ የሚላከው በሕፃናት ብዛት ነው። ጤና ኬላም የሚሠራው ለዚህን ያህል ሺህ ሰው አንድ እየተባለ ነው። ብዛቱ የሚገኘው ደግሞ በ2007 ከተደረገው ቆጠራ ተነሥቶ በየዓመቱ በመቶኛ እያሳደጉ በመተንበይ ነው። ከዚያ ወዲህ መንደር ተነሥቷል፣ ጦርነት ሁለት ጊዜ አልፏል፣ ወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ስደት ሄዷል፣ ሌላው ተፈናቅሎ መጥቷል። ትንበያው ከዚህ አንዱንም አያውቅም። በየጤና ጽሕፈት ቤቱ የክትባት ሽፋን አንዳንዴ ከመቶ ፐርሰንት በላይ የሚወጣው ሐኪሞቹ ስለሚዋሹ ብቻ አይደለም፤ የሚካፈልበት ቁጥር ስለማይታወቅ ነው። ከመቶ በላይ ሲወጣ ስሕተቱ ፊት ለፊት ይታያል። ሰባ ወይም ሰማንያ ሆኖ ሲወጣ ግን ማንም አይጠይቅም፤ ስሕተቱ ግን ያው ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። አገሪቱ እስካሁን ያካሄደችው ሦስት ብቻ ነው፤ በ1984፣ በ1994 እና በ2007። አራተኛው በ2017 መሆን ሲገባው ተራዘመ፣ በ2019 እንደገና ተራዘመ፣ ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ከዚያም ጦርነቱ። ሦስተኛውም ቢሆን ያለ ንትርክ አላለፈም፤ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተተነበየው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ መገኘቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር ጥያቄ አስነሥቷል። የአገሪቱ የጤና ዳሰሳ ናሙናዎች የተመረጡት፣ የሲያትል ካርታዎችም የተደገፉት በዚያ ቆጠራ ላይ ነው።

ሲያትል ላይ የሚኖር የስሜን ልጅ በ2020 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ቤቱ ሲደርሰው፣ ዘርን በሚጠይቀው ረድፍ በምሳሌነት ከታተሙት ስሞች መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን አግኝቷል። ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሳይቋረጥ ሲቆጥር የኖረው መንግሥት ስደተኛውን በስሙ ጠርቶ ቆጠረው። እናቱ ጃናሞራ ውስጥ ካሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠሩት በ2007 ነው፤ ያውም ቆጣሪው ቤታቸው ደርሶ ከሆነ።

በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ይህ ይመለከተዋል። ቴክኖሎጂው ከጎኑ ነው። ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት በ2022 ከሳተላይት ፎቶ በኮምፒውተር የተለዩ የዓለም ሕንፃዎችን መረጃ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ብዙዎች ቆጠራን የሚተካ ነገር የተገኘ መስሏቸዋል። የሣር ክዳን ጎጆ ከዙሪያው ሣር ለመለየት ለኮምፒውተር እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው፤ ይህ ይስተካከል ቢባል እንኳ ጣሪያ ሥሩ ስንት ሰው እንዳደረ አይናገርም። ሰዎቹ የሄዱበትን ቤትና ሰዎቹ ማሳ የዋሉበትን ቤት ሳተላይቱ እኩል ያያቸዋል። በዚህ ላይ ለካርታዎቹ መረጃ ያቀርብ የነበረው የዳሰሳ ፕሮግራም ራሱ በየካቲት 2025 የአሜሪካ የውጭ ርዳታ ሲቋረጥ ቆመ፤ ኋላ በከፊል ለማዳን የተደረገው ጥረት እንዳለ ሆኖ፣ የሌላ መንግሥት በጀት ሲዘጋ የራስን ሕዝብ የማያውቅ አገር መሆን ምን ማለት እንደሆነ አሳይቷል።

መፍትሔው በከፊል እዚያው መንደር ውስጥ አለ። በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት ባለሙያዎች፣ ለእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማኅደር የሚባል አቃፊ ይይዛሉ። በማኅደሩ ውስጥ የቤተሰቡ አባላት ስም፣ ዕድሜ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ የተከተበውና ያልተከተበው ሕፃን ሁሉ ይገኛል። ማኅደሩ በየስፍራው እኩል የተሟላ አይደለም። በጦርነት የተዘረፉና የተቃጠሉ ጤና ኬላዎችም ብዙ ናቸው። ቢሆንም የትኛው ቤት የት እንዳለ በእግሯ የምታውቅ ባለሙያ የያዘችው ወረቀት፣ ከሳተላይት ከተነሣ አማካይ ከፍታ ይልቅ ስለ አንድ መንደር ይናገራል። የጎደለው ወረቀቱን ከሣጥን አውጥቶ የሚደምር፣ የሚያመሳክርና ስም ሳይገልጥ ለሕዝብ የሚያወጣ አካል ነው። ይህ ሥራ ሮኬት አይፈልግም፤ የጠረጴዛ ሥራ ነው። ሲያትል ውስጥ በትልልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሚሠራ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ቅዳሜና እሑድ ሊረዳበት የሚችለው ነገር ካለ ይህ ነው።

ዋናው ቆጠራስ? የተራዘመበት ምክንያት አገር ያወቀው ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የምክር ቤት መቀመጫ የሚደለደለው በቆጠራ ነው። የክልሎች በጀትም በሕዝብ ብዛት ይሰላል። ቅጹ ላይ ያለው የብሔር ጥያቄ ደግሞ እያንዳንዱን ቤት የፖለቲካ ጦር ሜዳ ያደርገዋል። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ በጥይት መካከል ቆጣሪ መላክም አይቻልም። ነገር ግን የክትባት ጠርሙስ ብሔር አይጠይቅም። በዚህ ቤት ስንት ሰው አለ፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ወንድ ናቸው ወይስ ሴት የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ለጤናም፣ ለእህልም፣ ለትምህርት ቤትም ይበቃሉ። ሰላም ባለበት ቦታ ሁሉ እነዚህን ብቻ ይዞ ወረዳ በወረዳ መጀመር፣ ሌላውን ጥያቄ አገሪቱ እስክትስማማበት ማቆየት የተሻለ ነው። እንዲህ ያለው ቆጠራ የሕገ መንግሥቱን ግዴታ አይተካም የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ልክም ነው፣ አይተካም። ለሕፃናቱ ግን ሕገ መንግሥታዊው ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አይሆንላቸውም።

ግጭ ላይ ዛሬ ጭላዳው ቀድሞ ማሳ በነበረው ሣር ላይ ይሰማራል። የግጦሹ ጫና ቀንሷል፤ ለፓርኩ መልካም ዜና ነው። መንደሯ ስትነሣ እናቶቻቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ደባርቅ የወረዱት ሕፃናት አሁን ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ታናናሾችም አሏቸው። ከእነዚህ ልጆች አንዳቸውም በሀገራዊ የሕዝብ ቆጠራ ተቆጥረው አያውቁም።